በደብተሬ ዳር የተጻፉ ስሞች

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 2

ገና ካለፈ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ናቸው። ጾሙ ተፈቷል። የገና ትእዛዝ ሁሉ ወደየባለቤቱ ሄዷል። የጥምቀቱ ደግሞ ገና አላስጨነቀኝም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ እንደሸተተ ነው። እኔም የኪሮሽ ደብተሬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ይህ ደብተር አዲስ ዲዛይን ሳወጣ የምጠቀምበት ነው። በግራ በኩል የመስመሩን ቁጥር እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል ደግሞ በዚያ መስመር ምን እንደሠራሁ፣ የት እንደጨመርኩ፣ የት እንደቀነስኩ። ይህ ከሌለ አንድን ሥራ ሁለተኛ ልድገመው ብል አልችልም። ዘንድሮ ግን ከዳሩ ላይ ሌላም ነገር መጻፍ ጀምሬያለሁ። ያንን መስመር ስሠራ የቤቱን ሥራ ማን እንደያዘልኝ እጽፋለሁ። «ከ5 እስከ 12፣ እማማ ልጁን ይዘውልኝ።» «ከ13 እስከ 18፣ ባለቤቴ ትልቋን ሲያስጠና።» «19 እና 20፣ ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራልኝ።» እንዲህ እንዲህ እያለ ዳሩ ሞልቷል።

ተመስገን ማለት ከአፌ አይጠፋም። ስነሳ ተመስገን፣ ልጅ ከትኩሳት ሲሻለው ተመስገን፣ መብራት ሲመጣ ተመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱ መቼም አይጎድልም። ከእሱ ቀጥሎ ግን ቀኔን አብረውኝ የሚሸከሙትን ሰዎች በስማቸው መቁጠር ፈለግኩ። አንድ ሻል አልቆ ትከሻ ላይ ሲታይ ሰው የሚያደንቀው የእኔን እጅ ነው። እኔ ግን እያንዳንዱ መስመር የማን ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ሳልጽፈው እንዲጠፋ አልፈልግም።

ኅዳርና ታኅሣሥ እዚህ እንዴት እንደሚበርድ ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ እንደሆነ ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ሲወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ሌላ ምን ልበል። የእኔም ሥራ የሚበዛው በዚሁ ሰሞን ነው። የልጅ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ ሻል፣ ካልሲ። በዓሉ ሲደረብበት ደግሞ የረከቦት ልብስ፣ የሶፋ ዳንቴል፣ የቀሚስ ጠርዝ ይመጣል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከዚያም ያዛሉ። ፎቶ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ ቀብድ በቴሌብር ያስገባሉ፣ እኔም ዕቃውን በመኪና እልካለሁ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? እውነት ነው፣ ሰው ለዚያ ቀን ሲል ያለውን ያወጣል። ግን ይህ ተረት ለልብስ ሠሪ ሴት ከባድ ነው። ልክ ካላበጁለት ታኅሣሥን ሙሉ ይውጣል። ስለዚህ እኔ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ለገና፣ ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ ለጥምቀት ትእዛዝ አልቀበልም። «ለእኔ ብቻ፣ አደራ!» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። እወዳቸዋለሁ፣ ግን አይሆንም እላለሁ። ኅዳር 21ን እና ታኅሣሥ 19ን ሁሉም ሰው ስለሚያውቃቸው ማንም አይቀየመኝም። በዓል ሲመጣ እናት ከእጇ ክር ሳይወርድ ልጆቿን በዓይን ብቻ የምትሸኝ ከሆነ፣ ያ ቤት በዓሉን አላገኘውም ብዬ አምናለሁ።

የዘንድሮው ዲዛይኔ የገብስ ዛላ ነው። ኅዳር ላይ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ገብሱ ሲታጨድ ያያል። እኛ ገብስ በልተን ያደግን ሰዎች ነን። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ ከእሱ ነው። ሻል ላይ አበባ የሚሠራ ሞልቷል። ገብስ የሠራ ግን አላየሁም። ለምን አልሞክረውም አልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ አምስት ረጃጅም ስፌቶችን እጀምራለሁ፣ አንዳቸውንም እስከ መጨረሻ አልዘጋም። ኪሮሹ ላይ ስድስት ቀለበቶች ሲደረደሩ ክሩን በሁሉም ውስጥ በአንዴ ስቤ አወጣዋለሁ። ያኔ ከላይና ከታች ሾጠጥ፣ መሐሏ ላይ እብጥ ያለች ፍሬ ትወጣለች። አንዷን ፍሬ ወደ ግራ፣ አንዷን ወደ ቀኝ ዘንበል እያደረግኩ በመሐል ግንዱን ስሠራ ዛላው ይታያል። የመነሻው ሰንሰለት ለ8 ተካፍሎ 1 መትረፍ አለበት፣ አለዚያ የመጨረሻው ዛላ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ያስቸገረኝ ከጫፉ ላይ የሚወጣው ፀጉር ነበር። በሰንሰለት ብቻ ስሠራው ይወድቃል። ወፈር ሳደርገው ገብስነቱ ይጠፋል። በመጨረሻ ሰንሰለቱን ሠርቼ በዚያው በጀርባው ላይ በቀጭኑ ተመለስኩበት። ቀጥ አለ! ያን ምሽት ለቤቱ ሁሉ አሳየሁ። ትልቋ ልጄ «እውነትም ገብስ!» ስትል የተሰማኝን ደስታ መግለጽ አልችልም። በደብተሩ ዳር «ፀጉሩ የተገኘበት ምሽት፣ ባለቤቴ እራት አቅርቦ» ይላል።

ክርና ወጥ ቤት አብረው አይሄዱም። ይህን የሚያውቀው ሁለቱንም የያዘ ሰው ነው። ሽንኩርት የከተፈ እጅ በሳሙና ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፣ ክር ደግሞ ሽታ ይይዛል። በሎሚ ማሸት ይረዳል። በርበሬ ከሁሉ ይብሳል። ጥፍር ሥር ገብቶ ይደበቅና ነጩ ክር ላይ ብርቱካንማ ሆኖ ብቅ ይላል። በነቢያት ጾም ወራት ቅቤ ስለሌለ ትንሽ ይቀላል፤ የገና ሰሞን የሸኖ ቅቤ ተገዝቶ ሲነጠር ግን ያን ቀን ኪሮሽ የሚባል ነገር አልነካም። የቤታችን ደንብ ጠዋት ለክር፣ ከሰዓት ለወጥ ነው። ዘንድሮ የዋዜማውን ሽንኩርት የከተፈው ባለቤቴ ነው። ቅርጫው ላይም ደርሶ ሥጋውን ተሸክሞ ከመጣ በኋላ ጎንበስ ብሎ ያንን ሁሉ ሽንኩርት ጨረሰው። እሱ ሲከትፍ እኔ የመጨረሻውን የልጅ ኮፍያ ዘጋሁ። ኮፍያው በማግስቱ የአንድ ሕፃን ራስ ላይ ነበር።

«ክር ብቻ አይደል እንዴ፣ ምነው ተወደደ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሹራብ በማሽን ይሠራል። ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ ነው፣ እያንዳንዱ ቀለበት በሰው ጣት ያልፋል። ዋጋ ስናገር የክሩን ብቻ ሳይሆን የሰዓቱንም እቆጥራለሁ። ሰዓቱ ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። ከጀርባዬ ልጅ ያዘለ፣ ምጣድ ላይ የቆመ ሰው አለ። የእነሱን ድካም በርካሽ መሸጥ አልችልም። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ዋጋዬን ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ስለ እማማ ልጻፍ። የባለቤቴ እናት ናቸው። የመንዝ ሰው ናቸው። በመንዝ የበግ ፀጉር ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ባናውን የሚሸምኑት ወንዶቹ ናቸው። እማማ ዛሬም እንዝርታቸውን ከአጠገባቸው አያርቁም። የመንዝ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ ለሕፃን ኮፍያ አይሆንም፣ አንገት ይበላል። ለትራስና ለወንበር ልብስ ግን ወደር የለውም። ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ያለ ቀለም ራሱን ችሎ ያምራል። እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ሲፈትሉ ትንሹ ልጄ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። የአንድ እጃቸው ጣቶች ፀጉሩን ያሳሳሉ፣ ሌላው እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ልጁ አይነቃም። እኔ ከአጠገባቸው ኪሮሼን ይዤ እቀመጣለሁ። ብዙ አናወራም። በጣም የምወደው ሰዓቴ ይሄ ነው።

እማማን ማመስገን ግን ከባድ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ስላቸው «የቤት ሰው ምን ይመሰገናል፣ ልጄ? ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የገብስ ሻል የሠራሁት ለእሳቸው ነው። ለሽያጭ ከሚሆኑት ሁሉ በፊት። መሐሉን ከገበያ በገዛሁት ለስላሳ ክር ሠራሁት፣ ጠርዙን ግን ራሳቸው ከፈተሉት ቡናማ ፀጉር። ሳያውቁ ከቅርጫታቸው አንድ ድውር ወሰድኩ። አጥቤ፣ በፒን ወጥሬ ለማድረቅ ስል በዚህ ብርድ ስንት ጊዜ ፀሐይ እንዳሳደድኩ!

በገና ዕለት፣ ቡና ተፈልቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሰጠኋቸው። ወደ ትከሻቸው ከማድረጋቸው በፊት ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ይሄ የእኔ ፈትል አይደለም?» አሉ። ነው አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ «እጅሽን ይባርከው፣ ከዓመት ዓመት ያድርሰን» ብለው መረቁኝ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ደብተሩን አምጥቼ በዳሩ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እማማ፣ እማማ፣ እማማ እያለ ነው የሚወርደው። ትልቋ «የእኔስ?» አለች። «ከ31 እስከ 33፣ ዕቃ አጥባ» የሚለውን ሳነብላት ቀና አለች። ትንሹም «እኔስ የት አለሁ?» አለ። የእሱም አለ። «40፣ በጊዜ ተኝቶልኝ» ይላል። እሱ እየሳቀ አባቱን ደጋግሞ አስነበበው። የገና በዓሌ ትልቁ ደስታ ይህ ነበር።

የተረፈ ክር ነገርም አለ። ከየሥራው የሚቀር ቁርጥራጭ ይጠራቀማል፣ ቀለሙ አይገጥምም፣ ለሽያጭ አይሆንም። ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማችን የተጠለሉ ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ ከሞቃት አገር የመጡ ናቸው፣ የእኛን ውርጭ አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና ላይ ስንሰበሰብ ከቁርጥራጩ የልጅ ኮፍያ እንሠራለን። ቀላል ነው። በ12 ይጀመራል፣ በየዙሩ 12 እየተጨመረ ይሰፋል፣ የራሱን ልክ ሲይዝ መጨመሩ ቀርቶ ወደ ታች ይወርዳል። ካነሰ ይጨማደዳል፣ ከበዛ ይንዘረፈፋል። አንዲት እናት ኮፍያውን ስንሰጣት አመሰገነችና «ክሩንና ኪሮሹን ብትሰጡኝ እኔም እሠራለሁ» አለች። ሰጠናት። ዳንቴል ከእኔ በላይ ታውቃለች። አሁን ከእኛ ጋር እየመጣች ቡና ትጠጣለች፣ የረከቦት ልብስ ጠርዝ አሠራር አስተምራኛለች። የዚያ ጠርዝ ገጽ ላይ ስሟ አለ። ለጥምቀት ከታዘዙት ሁለቱን እሷ ትሠራለች፣ ገንዘቡም የእሷ ነው።

ጥር 7 ሥላሴ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚነግሥበት ቀን ስለሆነ ከተማው በሙሉ ይወጣል። እማማ ሻሉን ከነጠላቸው ሥር ሊደርቡት አስበዋል። ብርዱ ለሊት ቅዳሴ ላይ ስለሚያስቸግራቸው ደስ ብሎኛል። የሠራሁት ነገር ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ሲቀመጥ አልወድም።

ለጥምቀት አራት የቀሚስ ጠርዝ ይቀረኛል። ሁለቱ የገብስ ዛላ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ደንበኞቼ ራሳቸው የመረጡት የመስቀል ቅርጽ። ትልቋ ልጄ የመነሻውን ሰንሰለት ልሥራልሽ ብላኛለች። ጣቷ ገና ክሩን ያጠብቃል፣ ግን መቁጠር ላይ አትሳሳትም። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንጀምራለን። የእሷን ስም በዳሩ ሳይሆን በቀኝ በኩል፣ ከሠሪዋ ቦታ እጽፈዋለሁ።