ይጩኽ!

ሞተር በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ አለቃ ከጎን አስቀምጦ ዓባይ በረሃን መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በሹፌርነት ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ዝም ያለ ሞተር ደኅና ሞተር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ስለ ሠራተኛም የሚያስቡት እንዲሁ ነው።

መኪናዋ ድርጅታችን የገዛት ቮልስ ኮምቢ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1972 ሥሪት። ውስጧ የሚዘረጋ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የዕቃ ቁም ሳጥን አለ፤ ጣሪያዋም ወደ ላይ ይከፈታል። በፎቶግራፍ ላይ ስትታይ ዓይን ትስባለች። ቱሪስቶች ጎጃምን ዞረው ማታ ማታ በእሷ ይደሩ የሚለው ሐሳብ የአለቃችን ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ብቻ ጎጃም ለመድረስ መጀመሪያ ዓባይን መሻገር ግድ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

1600 ሲሲ ሞተሯ ከፋብሪካ ሲወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ደጀን ስትደርስ እንግዲህ ሩብ ያህሉ የለም። የቀሩትም ፈረሶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሁሉም በሕይወት አሉ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። በዚያ ላይ አልጋውና ቁም ሳጥኑ ቀን ከሌሊት አብረው ይጓዛሉ። ስምሪት ክፍል ግን ለላንድክሩዘር የሚያወጣውን የጊዜ ሰሌዳ ስሙን ብቻ ቀይሮ ሰጠኝ። «ምሳ ደብረ ማርቆስ» ይላል። ፈረምኩ። አለቃችንም መኪናዋን በዓይናቸው ለማየት አብረውኝ ተነሡ።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል የወረድኩት በሁለተኛ ማርሽ ነው። የምትወጣበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ የሚለውን ያስተማሩኝ ድሮ በዚህ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

«ቁልቁለት ነው እኮ፤ ለምን ጨብጠህ ትይዛታለህ?» አሉኝ አለቃችን።

«ፍሬኗን ለታች ላቆይላት ብዬ ነው።»

በዚሁ መካከል አንድ ተሳቢ ከነጭነቱ አልፎን ወረደ። ጥቂት ኩርባ እንደሄድን የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ተቀበለን፤ ተሳቢው ዳር ይዞ ቆሞ ጎማዎቹ ሥር ጭስ ይታያል። አለቃችን አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ እንጂ ምንም አላሉም።

በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻገርን። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለ ቦታ ወርደናል፤ ሙቀቱ የቆላ ነው። ከዚህ ወደ ደጀን 1,400 ሜትር ያህል ወደ ላይ አለ። ጎጃምም፣ ጭቅጭቁም ከዚህ ጀመሩ።

ሁለተኛ አስገብቼ ነዳጁን ሰጠኋት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ድምፁ ከአልጋው ሥር ነው የሚመጣው፤ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። አለቃችን አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ እኔ ያያሉ።

«ማርሽ ቀይር።»

«ይህ ነው ማርሹ።»

«ሞተሩ እየጮኸ ነው!»

«ይጩኽ።»

«ልታቃጥለው ነው?»

«ላለማቃጠል ነው። ይህች መኪና ውሃ የላትም፤ የምትበርደው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋውን ማራገቢያ የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ማራገቢያውም ይፈጥናል፤ ሞተሩ ሲያቃስት ማራገቢያውም ያንቀላፋል። ሦስተኛ ባስገባ ድምፁ ለእርስዎ ይመቻል፤ ለእሷ ግን ትኩሳት ነው።»

«ሙቀቱን የሚያሳየው የታለ?»

«የላትም።»

«ታዲያ አለመሞቁን በምን ታውቃለህ?»

እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይትና የቻርጅ መብራት አለ፤ ቀበቶው ቢበጠስ ማራገቢያው ቆሞ የቻርጁ መብራት ይበራል። ሙቀትን በቁጥር የሚነግርህ ግን የለም። «በድምፁ» አልኳቸው። መልሱ እንዳናደዳቸው ከፊታቸው ታየኝ፤ በድምፁ መፍረድ እርሳቸውም ይችላሉና።

ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያደርጋሉ። የተጫነ ሲኖትራክ ተራውን ጠብቆ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚታዘንለት ሰው እንደሚታይ አየን። የአለቃችንን ትዕግሥት የጨረሰው ይኸ ይመስለኛል። «አቁም፤ እኔ ልንዳት» አሉ። መኪናዋ የድርጅቱ ናት፣ መንጃ ፈቃዱም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ወርጄ በሌላው በር ገባሁ።

ሦስተኛ አስገቡ። ድምፁ ጠፋ፤ ጋቢናው ውስጥ ሰላም ሆነ። «አየህ?» አሉኝ። አየሁ። እግራቸው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ መኪናዋ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በታች እየወረደች ነው። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት የሰመጠበት ቦታ ስንደርስ ጎድጓዳውን ለማለፍ ፍጥነት ቀነሱ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም። ተንቀጠቀጠች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ ቆመች። ቁልፉን ቢያዞሩ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። የእጅ ፍሬኑን ስበው ሳይጨርሱ ደግሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

ታኮ ያቀበለን ያ አንገቱን አውጥቶ ያየን ረዳት ነው። ሲኖትራኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊያርፍ ቆሞ ነበር። ልጁ ታኮውን ከጎማው ሥር በእግሩ መታ መታ አድርጎ ካስገባ በኋላ ሮጦ ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ራዲያተሩ በየት በኩል ነው?» አላቸው መሪው ላይ የተቀመጡትን።

«ከፊት ነው» አሉ አለቃችን።

ከፊት ለፊት ዞረ። ኮምቢ ከፊት የሚከፈት ነገር የለውም፤ ጠፍጣፋ ፊትና ትልቅ ምልክት ብቻ። ልጁ ምልክቱን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገው።

«ከኋላ ነው ሞተሩ» አልኩት። የኋላውን ክዳን ከፈትኩለት። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ራዲያተር የለውም!»

«የለውም።»

«ታዲያ ይህቺ ምን ትጠጣለች?»

ያን ቀን የሳቅኩት በዚህ ነው። ውሃውን ግን እንዳይወስደው ለመንኩት። ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ቤንዚኑ ፓምፑና ቱቦው ውስጥ ሳለ ይተናል፤ ፓምፑ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ጨርቅ ነክሬ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ጠመጠምኩ፤ ሲደርቅ ደግሜ ነከርኩ። አለቃችን ዳገቱን ተደግፈው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ፤ ኔትወርክ የለም። ረዳቱ ሹፌሩ ክላክስ አድርጎ እስኪጠራው ድረስ አብሮኝ ቆየ። ታኮውን መልስልኝ ሳይል ሄደ፤ ጥሩ የባሕር ዛፍ ታኮ ነው፣ አሁንም አለኝ።

መኪናዋ ስትነሣ አለቃችን ወደ ተሳፋሪው ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ። እስከ ደጀን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ደጀን ላይ ሻይ አዘዙልኝ። ደብረ ማርቆስ የገባነው ለምሳ ሳይሆን ለእራት ነው።

ለድርጅቱ የጻፉትን ሪፖርት በኋላ አይቼዋለሁ። «በነዳጅ ጥራት ጉድለት ምክንያት መጠነኛ መዘግየት ተፈጥሯል» ይላል። ነዳጁ ምንም አልነበረበትም፤ ግን ነዳጅ መልስ አይሰጥም።

ለእኔ የተረፈኝ መኪናዋ ናት። የእሷን ጠባይ የሚያውቀው እርሱ ነው ተብሎ የጎጃም ስምሪት በመጣ ቁጥር ቁልፉ ወደ እኔ ይወረወራል፤ ላንድክሩዘሮቹ ለሌሎች ተከፋፈሉ። ዝም ብዬ ሦስተኛ አስገብቼላቸው ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ኤርኮንዲሽን ያለው መኪና እነዳ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ስምሪት ክፍል ቁልፍ ልፈርም ገባሁ። አለቃችን አዲስ የተቀጠረ ሹፌር ፊታቸው አቁመው ስለ ኮምቢዋ ያስረዳሉ። «ዓባይን ስትወጣ ሁለተኛ ነው። ሞተሩ ቢጮኽ አትደንግጥ፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው» አሉት። ልጁ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ንግግራቸውን እንኳ አላቋረጡም፤ «እርሱንም ጠይቀው፤ አብረን ነው የሞከርናት» አሉት።