ሳሎኔ ውስጥ ሳላስበው የሠራሁት ትንሹ የሐዋሳ ሐይቅ

ሰላም የአኳሪየም ወዳጆች። አኳሪየም ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። ስጀምር ስለ ዓሣው ጠየቅኩ፣ ስለ አየር ፓምፑ ጠየቅኩ፣ ስለ ምግቡ ጠየቅኩ። ስለ መብራቱ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። መብራት መብራት ነው፣ በደንብ ከበራ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሁሉ ያመጣው ይቺው ሐሳብ ናት።

አኳሪየሜን ያሠራሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ መስታወት የሚቆርጥ ልጅ ጋ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 30፣ ከፍታው 40 ነው። ሲባዛ 72 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ድንጋዩ ቦታ ሲይዙ፣ ውሃውም ከአፉ ትንሽ ዝቅ ሲል የሚቀረው 60 ሊትር ገደማ ነው። ይቺን 60 ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። ስምንት ጋፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች፣ ከተክል ደግሞ ሁለት አኑቢያስ፣ አንድ ጃቫ ፈርንና ጥቂት ቫሊስኔሪያ አስገባሁ። እማዬ አይታ፣ «አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው የሚበላ ዓሣ ሞልቶ አንተ የማይበላ ትቀልባለህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥር ላይ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ሄጄ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ባለ 30 ዋት ፓውዛ ገዛሁ። ሻጩ «ለምንህ ነው?» አለኝ። ለዓሣ ስለው ትንሽ አየኝና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ግቢ ሙሉ ያበራል» አለ። እኔ ዕቃውን እያሞገሰልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

በቀን 12 ሰዓት አበራው ነበር። ለዚህም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መሃል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ተፈጥሮ 12 ሰዓት ካበራች እኔስ ለምን አላበራም? ፍቅር ሐይቅ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሜ የውሃውን ቀለም አንዴ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ መልሱን አገኘው ነበር። አረንጓዴ ነዋ!

የካቲት ሳያልቅ የእኔም ውሃ አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ከኋላ ያለው ድንጋይ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ጋፒዎቹ የሚታዩኝ መስታወቱ ድረስ ሲመጡ ብቻ ሆነ። አኑቢያሱ ላይ ደግሞ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥብ ወጣበት። በጥፍሬ ብፍቀው እንደ ደረቀ የዘይት ቀለም ነው፣ ንቅንቅ አይልም። አኑቢያስ በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። አንዱ ቅጠል ወራት ስለሚቆይ ብርሃን ሲበዛበት አልጌው፣ ማለትም ውሃውንም ቅጠሉንም አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር፣ ተደላድሎ ይቀመጥበታል።

ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። እንደገና ቀየርኩ። ጥፋቱን መጀመሪያ ምግቡ ላይ፣ ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ ላይ አላከክሁ። እላዬ ላይ ቦግ ብሎ የሚበራውን ነገር አልጠረጠርኩም።

መጋቢት ላይ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሦስት ቀን በጨለማ ሰነበትን። የጨነቀኝ አየሩ ነበር። በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ተውሼ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘኋትና አደረች። ደመናማ ስለነበር በመስኮቱም ብዙ ብርሃን አልገባም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ የኋላው ድንጋይ ታየኝ! ደብዛዛ ነው፣ ግን ታየኝ። ሠፈሩ ሁሉ ስለ መብራቱ ሲማረር እኔ ብቻ ቆሜ ፈገግ አልኩ።

መብራት ሲመጣ ፓውዛውን ነቅዬ አጠፋሁትና በገዛ ፈቃዴ ጨለማውን ቀጠልኩበት። አኳሪየሙን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አራት ቀን ተውኩት። የአየር ፓምፑ አልቆመም፣ ምግብ ግን አልሰጠሁም። ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀን ሳይበላ ምንም አይሆንም። ፓምፑን ማቆም ግን አደጋ አለው። ጨለማ ውስጥ ተክሉም አልጌውም ኦክስጅን ተጠቃሚ እንጂ ሰጪ አይደሉም፤ የሚሞተው አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ ይብስበታል። ስገልጠው ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ መስታወት የመሰለ ውሃ ሆነ። አኑቢያሱ ላይ ያለው ነጥብ ግን አልለቀቀም። የተበላሹትን ቅጠሎች በመቀስ ቆረጥኳቸው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሠራሁ። በመጀመሪያው ቀን መሥራት የነበረብኝን ማለት ነው።

ብዙ ቦታ «ለአንድ ሊትር ይህን ያህል ዋት» የሚል አሮጌ ስሌት ታገኛላችሁ። ስሌቱ የፍሎረሰንት ዘመን ነው። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚያወጣውን ብርሃን አይናገርም፤ ኤልኢዲ ደግሞ በትንሽ ዋት ብዙ ያበራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን፣ የሚወጣውን ብርሃን መጠን የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ። ያንን ቁጥር ለውሃው ሊትር አካፍሉት። ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ከደረሰ ዝቅተኛ ብርሃን ነው። ከ20 እስከ 40 መካከለኛ ነው። ከ40 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ ተክሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ይጠይቃሉ። እነዚህን ካልሰጣችሁ ተክሉ መብራቱን አይጠቀምበትም፣ የሚጠቀምበት አልጌ ነው። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ሉመን የሚለካው ለሰው ዓይን በሚታየው ልክ ነው፣ ዓይናችን ደግሞ የሚያዳላው ለአረንጓዴ ነው። ተክል ቀዩንና ሰማያዊውን አጥብቆ ይፈልጋል። ቢሆንም ለእኛ ዓይነቱ ጀማሪ ሉመን ይበቃል።

ፓውዛዬ ካርቶኑ ላይ 2,400 ሉመን ይላል። ለ60 ሲካፈል 40፣ የከፍተኛው ደፍ ላይ ማለት ነው። እኔ ያስገባኋቸው አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ደግሞ ጥላ ወዳድ ናቸው። ጥላ ወዳድ ተክል በፓውዛ ሥር፣ ያውም 12 ሰዓት ሙሉ! ዓሣዎቹማ ምን በወጣቸው። ዓሣ ቀንና ሌሊት እንዲለይለት እንጂ እንዲህ ያለ ብርሃን አይፈልግም። ስለዚህ መብራት ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ተክሉን ነው። ተክል ከሌላችሁ ደካማ አምፖል ይበቃችኋል።

ፓውዛው አሁን በር ላይ ተሰቅሎ ግቢውን ያበራል። ሻጩ ልክ ነበር። በምትኩ 60 ሳንቲ የሆነ የኤልኢዲ ቱቦ ገዛሁ፤ ከአኳሪየሙ ርዝመት ጋር ልክክ ይላል። 10 ዋት፣ 900 ሉመን፤ ለአንድ ሊትር 15 መሆኑ ነው። ቱቦ የመረጥኩት ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሚደርስ ነው። ፓውዛው መሃሉን ያነድና ጥጉን ያጨልም ነበር።

ቀለሙን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የሚለው ቢጫው ነው፣ 6500 የሚለው የቀን ብርሃን የሚመስለው ነጩ። ሁለቱንም ሞከርኩ። ተክል በሁለቱም ያድጋል፤ በቢጫው ግን ውሃው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። 6500ውን ያዝኩ። ምርጫው ለዓይኔ ነው፣ ለተክሉ ብዬ አልዋሽም።

ሰዓቱን ከ12 ወደ 6 አወረድኩት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4። ከሥራ ስገባ በርቶ እንዲጠብቀኝ ነው። ብዙ ሰው በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ማብራትን ይመክራል፤ አዲስ የተሞላ አኳሪየም ከሆነ ከ6 ጀምሩ። በራሴ እጅ ማብራት ማጥፋቱ ስላልሆነልኝ ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ገዛሁ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሳሎኑ እንደ ቀን በርቷል። ለካ እየተሽከረከረ የሚቆጥረው ታይመር መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የየቀኑ ተጠራቅሞ ቀኑን ወደ ሌሊት ወሰደብኝ። መብራት የሚመላለስበት ሠፈር ከሆናችሁ ውስጡ ባትሪ ያለውን ዲጂታሉን ግዙ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ሰዓቱን አይረሳም።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ፓውዛዬ ላይ አይፒ 65 የሚል ጽሑፍ ነበር። 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ 5ቱ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ውሃ ውስጥ መውደቅን አይጨምርም። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ከመብራቱ በታች የመስታወት ክዳን አድርጉ፣ ገመዱ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከታች ወደ ላይ ይግባ። ያኔ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ንቀሉት።

ክዳኑ ራሱ ሥራ አለው። ውሃ ሲነጥብበት እየደረቀ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሳላስተውለው ወር ሲሞላው መስታወቱ ጉም የለበሰ መሰለ። ብርሃኔን የሚበላው እሱ ነበር። አሁን በየሳምንቱ በኮምጣጤ እወለውለዋለሁ።

የዛሬው ሁኔታ፦ አኑቢያሱ ከቆረጥኩት በኋላ ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ነጥብ የለባቸውም። ቫሊስኔሪያው ውሃው አናት ደርሶ ተጣጥፏል። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ጠጋ ብዬ ሳየው ከቅጠሉ ጫፍ መርፌ ቀዳዳ የምታክል አረፋ እየተፈለቀቀች በመስመር ወደ ላይ ትወጣለች፣ አንዷ ሳትደርስ ሌላዋ ትከተላለች። ኦክስጅን ነው። እማዬም መጥታ ታያለች፤ የማይበላ ዓሣ የሚለውን ነገር ካነሳችው ቆይቷል።

ሰኔ ላይ ቀይ ቅጠል ያለው ተክል ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ቀይ ተክል ብርሃን ይወዳል፣ 15 ሉመን አይበቃው ይሆናል። ሁለተኛ ቱቦ ጨምሬ 30 አደርሰዋለሁ፣ ሰዓቱን ግን ወደ 5 አወርደዋለሁ፤ አኑቢያሶቹንም ጥላው ሥር አዛውራቸዋለሁ። ብርድ ልብሱን ለማንኛውም አላራቅኩትም። እንዴት እንደሆነ ከወር በኋላ እጽፋለሁ።