ሞንትሪያል፣ ጉልላቱ ስር

ከቶሮንቶ ሞንትሪያል 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ዘግይቶ ተነሳ፣ ደረሰም። ያናደደኝ ማደሪያው ነው። 70 ዶላር ተብሎ የተከራየሁት ክፍል የጽዳት፣ የአገልግሎት እየተባለ 118 ገባ። የጽዳት የከፈልኩበት አንሶላ ደግሞ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

የሄድኩት ግን ሳቶስፌር ውስጥ ለሚቀርብ የሙዚቃና የምስል ዝግጅት ነው። ሳቶስፌር ሴን ሎራን ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ፣ ሳት በሚባለው የኪነ ጥበብና የቴክኖሎጂ ማዕከል ውስጥ ያለ ጉልላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። ወርዱ 18 ሜትር ነው፤ ሲከፈት 157 ድምፅ ማጉያና 8 ፕሮጀክተር ነበሩት። ወንበር የለውም፤ ሰው ይጋደማል። ጥግ ልይዝ ስል አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ወደ መሃል ወሰዱኝ። “ድምፁ የሚገናኘው እዚህ ነው” አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

አንዱ ዑድ የሚባለውን የዐረቦች ባለ ክር መሣሪያ ይጫወታል፣ ሌላው ታብላ የሚባለውን የህንዶች ከበሮ ይመታል፣ ሦስተኛው በኮምፒውተር የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ያወጣል። አራተኛዋ ጉልላቱ ላይ የሚታየውን ምስል እዚያው በቀጥታ ትሠራለች። አንዱን ዜማ መቼም አልረሳውም። የዐረቦቹ ሰማኢ ሰቂል የሚባለው የምት ስልት አንድ ዙሩ 10 ምት ነው። የህንዶቹ ጃፕታልም 10 ነው። አከፋፈላቸው ግን ይለያል፦ ያኛው 3፣ 2፣ 2፣ 3፤ ይኼኛው 2፣ 3፣ 2፣ 3። ልጅቷ ሁለት ክብ ሠራች፣ ለዐረቦቹ ወርቃማ፣ ለህንዶቹ ሰማያዊ። አዲስ ክፍል በጀመረ ቁጥር ክቡ ይበራል፦ ሰማያዊው ሦስተኛው ምት ላይ ይበራል፣ ወርቃማው አራተኛው ላይ። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም እኩል ቦግ! ጆሮዬ ብቻውን ይህን አይለይም ነበር። “እሰይ!” ልል ምንም አልቀረኝም፤ አዝማሪ ቤት ቢሆን እልም ነበር። እዚያ ግን ሰው ጸጥ ብሎ ነው የሚሰማው። ይኼ ብቻ ከበደኝ።

ሲያልቅ ሄጄ ምስሉን እንዴት እንደምትሠራው ልጅቷን ጠየቅኳት። የየመሣሪያው ማይክ ድምፅ ኮምፒውተሯ ውስጥ ይገባል። ሶፍትዌሩ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ለይቶ ቁጥር ያደርገዋል፤ ክቡ የሚሰፋውና የሚጠበው በዚያ ቁጥር ነው። ምን መቼ እንደሚታይ ግን የምትወስነው እሷ ናት፣ በጣቷ። ስለዚህ እሷም ተጫዋች ናት። የእኛ ኮንሰርቶች ላይ ከዘፋኙ ጀርባ የሚሮጠው ፏፏቴና አበባ ሁሌ ያበሳጨኛል፤ ዘፈኑ ቢቀየርም ፏፏቴው ያው ነው።

ሶፍትዌሩ ተችዲዛይነር ይባላል። የሚሠራው ድርጅት ያለው እኔው የምኖርባት ቶሮንቶ ነው። ለንግድ ካልሆነ በነፃ ይወርዳል። ቶሮንቶ ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወቱ አሉን፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆችም ሞልተውናል። የሚያገናኛቸው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ማይክ ተሸክሜ የምመጣው እኔ ነኝ።