ሃ ሲሉበት የሚረዝም፣ ሲደርቅ የሚያጥር ክር

የሸረሪት ክር ሙከራዬ እዚህ ደርሷል፤ ላካፍላችሁ።

ክሩን የወሰድኩት ከድሩ ላይ አይደለም። የድሩ ጠመዝማዛ ክር ያጣብቃል፣ ጠባዩም ሌላ ነው። ሸረሪቷን ከእንጨት ጫፍ ላይ ነቅነቅ አድርጌ፣ ስትወርድ የተንጠለጠለችበትን ክር ነው የያዝኩት። የላይኛውን ጫፍ በስኮች እርሳስ ላይ ለጠፍኩት። ታች ከጥፍር ያነሰች ቁራጭ ወረቀት አንጠለጠልኩ። (አግራፍ አትሞክሩ፣ ይከብዳል።) ከዚያ ሁሉንም ረጅም ጠርሙስ ውስጥ አስገባሁና ከሥር እርጥብ ጥጥ አኖርኩ።

ወረቀቷ ማንም ሳይነካት ሽቅብ ወጣች!

ነገሩ ሱፐርኮንትራክሽን (ከልክ ያለፈ መኮማተር) ይባላል፤ ተመራማሪው ሮበርት ወርክ በ1977 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። የክሩ ፕሮቲን አላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) የተደረደረባቸው ጠጣር ክሪስታሎች አሉት፣ ጥንካሬው ከነሱ ነው። በመካከላቸው ግላይሲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ የበዛበት ልል ክፍል አለ። ክሩ ከሸረሪቷ ሲወጣ ይህ ክፍል እንደተወጠረ ይደርቅና በሃይድሮጂን ቦንድ (በሰንሰለቶቹ መካከል ባለ ደካማ ትስስር) ይቆለፋል። ውሃ ሲገባ ቁልፉ ይፈታል፣ ሰንሰለቶቹም ይሰበሰባሉ። የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው ጉዱ የሚጀምረው። ጫፉ ያልታሰረ ክር እስከ ግማሽ ሊያጥር ይችላል። ግትርነቱ ደግሞ ወደ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል፤ ጎማ ሆነ ማለት ነው። የሐር ትል ክር እንዲህ አይኮማተርም።

እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጥጡን ሳወጣ ወረቀቷ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። እንዲያውም ጥቂት ከፍ አለች። በጠርሙሱ አፍ ሃ ብዬ ስተነፍስ ዝቅ፣ ትንፋሼ ሲደርቅ ከፍ። ከመጀመሪያው ፍጹም ተቃራኒ! የመጀመሪያው መኮማተር አንዴ ሆኖ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ እንደፈለጉ ይደጋገማል። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው አግናርሰንና ባልደረቦቹ ይህን እንደ ጡንቻ ልንጠቀምበት እንችላለን ብለዋል። እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ ክሩ ረዘም ያለ ይሁን፣ ጠርሙሱ ላይም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

ክሩን ወደ ጥንቱ መመለስም ይቻላል። እርጥብ እያለ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያ እንደተወጠረ ማድረቅ ነው።

ቀጥሎ የማየው የሚያጣብቀውን ክር ነው። ሙጫው ውስጥ ያሉት ጨዎች ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ ክሩ እንደረጠበና እንደለሰለሰ ይቆያል። እርጥበት መለኪያ ያላችሁ ካላችሁ፣ ወረቀቷ ሽቅብ የምትጀምርበትን ቁጥር መዝግባችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።