የጤና ካርድ ማለት ስልጠና ማለት አይደለም

እዚህ ጅማ ምግብ ቤት ሰርቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። "ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው" ከተባለ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ጋውን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይወጣል፣ የፀጉር መሸፈኛ ይገዛል፣ ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፣ ከዛ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፣ የጤና ምርመራ ካርድ የሌለው ማነው? ሁሌም አለ። ባለፈው ካርድ ካወጡት ልጆች ግማሾቹ ለቀዋል፣ አንዷ አጋሮ ቤተሰቦቿ ጋር ተመልሳለች፣ አንዱ ፈረንጅ አራዳ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሄዷል፣ እና አዲሶቹን ሰብስቤ ለምርመራ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘር የሚባለው ስራ ግማሹ ይሄ ነው።

ምርመራው ራሱ ብዙም አይደለም። ሰገራ በትንሽዬ ዕቃ ይሰጣሉ፣ ላብራቶሪ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፣ አሜባ ጃርዲያ ወስፋት ምናምን ካልተገኘ ፎቶ ይለጠፋል ማህተም ይመታል አለቀ። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ትል ያለባት ልጅ ታውቃለች፣ መድሀኒት ትወስዳለች፣ ለራሷም ይጠቅማታል። ችግሩ ካርዱን ከያዘች በኋላ ሁላችንም "ጨርሰናል" ብለን መቀመጣችን ነው። ያ ወረቀት የሚናገረው ስለዛ ቀን ሰገራ ብቻ ነው። በማግስቱ አሜባ ብትይዝ ካርዱ አያውቅም። የታይፎይድ ባክቴሪያ ሳያማት ተሸክማ የምትዞር ሰው ካለች ደግሞ በተራ የማይክሮስኮፕ ምርመራ አትገኝም፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያይ ካልቸር የሚባል ምርመራ ያስፈልጋል፣ እሱም ቢሆን ባክቴሪያው አንድ ቀን ወጥቶ አንድ ቀን ስለማይወጣ ሊያመልጥ ይችላል። በእጅ ቁስልና በአፍንጫ ውስጥ የሚኖረውን ስታፍ የሚባለውን ባክቴሪያማ የሰገራ ምርመራ ከየት አምጥቶ ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ሪፖርት የምግብ ሰራተኞችን በየጊዜው መመርመር በሽታ ለመከላከል ያን ያህል እንደማይረዳና ገንዘቡና ጉልበቱ ስልጠና ላይ ቢውል እንደሚሻል ተናግሯል። እኛ ጋ ግን እስካሁን ካርድ ካርድ ነው። ለኔ ካርዱ እንደ መኪና ቦሎ ነው፣ መኪናዋ ተመርምራለች ይላል እንጂ ሹፌሩ መንዳት ይችላል አይልም።

ስልጠና የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ፣ ባለፈው አንዱ ላይ ገብቼ ነበር። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፣ ሳኒተሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነው፣ ነገሩን ያውቀዋል። ግን አዳራሹን ዞር ብዬ ሳይ የመጣነው ባለቤቶች፣ ማናጀሮች፣ ካሸሮች ነን፣ እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል አንድ ሰው የለም። ወጥ ሰሪዎቹ የት ናቸው? ስራ ላይ። ምሳ ሰዓት ማን ይልቀቃቸው። ሰርተፊኬቱን ተቀብለን ፎቶ ተነስተን ተመለስን፣ እኛ ቤት ካሸር ጀርባ ተሰቅሏል፣ ወጥ ቤቱ ግን ምን እንደተባለ አልሰማም። ካሸሯ ደግሞ ከድስት ጋር ምንም አያገናኛትም።

የተማርነው ግን ቀላልና ጥሩ ነገር ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱ ቁልፎች የሚላቸው ናቸው፣ ንፅህና፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ትክክለኛ ሙቀት ላይ ማስቀመጥ፣ ንፁህ ውሃና ንፁህ ጥሬ እቃ መጠቀም። አሰልጣኙ "ስጋ ውስጡ 70 ዲግሪ መድረስ አለበት" ሲል አዳራሹ ሳቀ፣ ግማሻችን ክትፎ ሻጮች ነን እኮ። እሱም ሳቀ። ጥሬ ስጋ ደንበኛው ኮሶን አውቆ የሚገባበት ነገር ነው፣ ቄራም የሚመረምረው ለዚህ ነው፣ እሱን አንከለክልም። ደንበኛው ያልመረጠው ግን ጥሬ ስጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ የተከተፈ ሰላጣ ነው። ለኔ ሁለተኛ መክተፊያ ከመቶ ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ስለ ሙቀት ነገር አንድ ላውራችሁ። አብራን የምትሰራ ዱባይ ምግብ ቤት ሰርታ የተመለሰች ልጅ አለች። እዛ ማዘጋጃ ቤቱ በየምግብ ቤቱ የምግብ ደህንነት ሰርተፊኬት ያለው ሀላፊ እንዲኖር ያስገድዳል፣ ፒአይሲ ይሉታል፣ እና የነሱ ፒአይሲ እየዞረ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ሲከት ስለምታይ ለምዳዋለች፣ ስትመለስ አንድ ይዛ መጣች። ልክ መሆኑን ላሳያችሁ ብላ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ብትከተው 94 ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 94። ዋና ወጥ ሰሪያችን፣ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፣ "ልጄ ይሄ ነገር መንገድ ላይ ተበላሽቶብሻል፣ ውሃ በመቶ ነው የሚፈላው፣ እኔ እንኳን ያልተማርኩት አውቃለሁ" አለቻት። ልጅቷም ግራ ገባት። እቃው ግን ደህና ነበር፣ ጅማ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 አካባቢ ነው፣ ዱባይ ግን ባህሩ ጠርዝ ላይ ስለሆነች እዛ ውሃ በመቶ ይፈላል። በረዶና ውሃ ቀላቅለን ብንከተው ዜሮ አለ፣ እቴቴም አመነች። ከዛ ወዲህ ቴርሞሜትሩን ከማንም በላይ የምትጠቀምበት እሷ ናት፣ ኪሷ ውስጥ ነው ያለው፣ ይዛው የመጣችው ልጅ ራሷ መልሳ ለማግኘት እቴቴን ታስፈቅዳለች።

በሱ ያየነው ነገር ደግሞ አስደነገጠን። አደገኛው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ነው፣ ባክቴሪያ የሚራባው እዛ መሀል ነው፣ የበሰለ ምግብ እዛ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይባላል። አሁን የፆም በያይነቱን አስቡት። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ አትክልቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥቶ በየሳህኑ ይደረደራል፣ ደንበኛ 8 ሰዓት ላይ መጥቶ ይበላዋል፣ ለብ ብሎ ነው የሚቀርበው፣ ለብ ያለ ማለት ደግሞ ልክ መሀሉ ማለት ነው። የስጋ ወጥ በትልቁ ድስት ተሰርቶ እንዳለ ማታ ሲያድርም ያው ነው፣ ውጭው ቢቀዘቅዝ ውስጡ እስከ ሌሊት ሞቅ ብሎ ይቆያል፣ መፍላት ያልገደላቸው ባክቴሪያዎች እዛ ይነሳሉ።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፣ "ጠዋት ይሞቃል እኮ"። ይሞቃል። ግን ስታፍም ሆነ ያደረ ሩዝ ላይ የሚያድገው ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ መርዝ ትተው ነው የሚሄዱት፣ መርዙ ደግሞ ቢፈላም አይጠፋም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ደንበኛው ያስታውካል። ስለዚህ እኛ አሁን ወጡን በትንንሽ ድስት ከፋፍለን ውሃ ውስጥ አቀዝቅዘን ፍሪጅ እናስገባለን፣ የፆሙንም በአንዴ ከማውጣት እሳት ላይ እያስቀመጥን በየጊዜው እናወጣለን። ጋዝና ከሰል ይበላል፣ ባለቤቱ ያጉረመርማል፣ ግን ማታ የሚደፋው ቀንሷል።

እጅ መታጠብን በተመለከተ የሚገርመኝ ነገር፣ ጅማ ውስጥ የትም ቤት ብትገቡ ለደንበኛው በር ላይ መታጠቢያ አለ፣ ሳሙና ወይ ላርጎ በውሃ የቀጠነ አለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ግን አንድ ቧንቧ ነው፣ እሱም ስር ሳህን ተከምሮበታል፣ ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ ሳፋ ነው፣ የሻይ ብርጭቆ ሁሉ እዛው ሳፋ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ውሃው ግራጫ እስኪሆን። እንጀራ የሚቆርሰው ደንበኛ ታጥቧል፣ እንጀራውን የጠቀለለችው ልጅ አልታጠበችም። በ2012 ኮሮና ጊዜ ሁሉም ቤት በር ላይ ያስቀመጠው ባለ ቧንቧ ባልዲ ትዝ ይላችኋል? እኛ ቤት ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። አጥበን ሽንት ቤትና ወጥ ቤቱ መሀል አስቀመጥነው፣ በቃ፣ ሌላ ወጪ የለም። (በነገራችን ላይ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ አስተናጋጅ ብር ቆጥሮ በዛው እጁ ጭማሪ እንጀራ ማምጣቱ ቀንሷል፣ ይሄን ማንም ሲያመሰግን አልሰማሁም።)

ወደ ሰርተፊኬቱ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምትሰራው፣ እዛ ምግብ የሚነካ ሰራተኛ በተቀጠረ በ30 ቀን ውስጥ ተምሮ ተፈትኖ ካርድ ማውጣት አለበት፣ ማለፊያው 70 ከመቶ ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ፈተናው ስለ ሙቀት፣ ስለ እጅ፣ ስለ መክተፊያ ነው፣ ሰገራ የሚጠይቃት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ወጪውንም የተማረችበትን ሰዓትም የሚከፍለው አሰሪው ነው። እኛ ጋ ብዙ ቤት የምርመራው ብር ከልጅቷ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው፣ ካርድ ለማውጣት የሄደችበት ግማሽ ቀንም ይቆጠርባታል። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነው ሌቭል ያላቸው ልጆች አሉ፣ ንፅህናንም ይማራሉ፣ እነሱ ግን ትልልቅ ሆቴሎች ነው የሚሄዱት፣ እዚህ ጅማ መርካቶና መናኸሪያ አካባቢ ድስት የሚያማስለው ሌላ ሰው ነው፣ ለዛ ሰው በምሳና በእራት መሀል ባለው ባዶ ሰዓት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ የሚሰጥ ስልጠና ነው የሚያስፈልገው። የዩኒቨርሲቲው የአካባቢ ጤና ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ሲመጡ ሁሌ እላቸዋለሁ፣ መጠይቁን እሞላላችኋለሁ፣ እናንተ ደግሞ ለልጆቹ ግማሽ ሰዓት አሳዩልኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ "ዛሬ ሆድሽን አሞሻል?" የሚለው ነው። እንግሊዝ ሀገር ተቅማጥ ወይ ትውከት የያዘው የምግብ ሰራተኛ ህመሙ ካቆመ በኋላ እንኳን 48 ሰዓት ስራ እንዳይገባ ነው መመሪያው። እኛ ጋ የታመመች ልጅ ካልመጣች ቀኑ ይቆረጥባታል፣ ስለዚህ ትመጣለች፣ አይኗ ጎድጉዶ ሰላጣ ትከትፋለች፣ ካርዷ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት መጠየቅ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ሁሉም "ደህና ነኝ" ነው የሚለው፣ ማን ደሞዙ እንዲቆረጥ ይናገራል። ለባለቤታችን "ጋሼ የታመመ ሰው ሲቀር ይከፈለው" አልኩት፣ "ሁሉም ሊታመምብኝ ነዋ" አለኝ። ቆየና ደግሞ ግማሽ እከፍላለሁ አለ። እኔ ግማሽ ከሆነ ማንም አይናገርም ባይ ነኝ፣ እቴቴም ከኔ ጋር ናት፣ አሁንም እየተከራከርን ነው።