የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ እና የአቃቂ ወንዝ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ ባሻገር የሚገኘው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። ስለ ግድብ በተነሣ ቁጥር ግን ሐሳባችን ወደ ዓባይና ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ በከተማችን ጫፍ ያለው የሁሉም ታላቅ ወንድም ይዘነጋል። ይህ መዘንጋት ስለሚያሳዝነኝ ነው የምጽፈው።

ኤሌክትሪክ አዲስ አበባ የገባው ከዚህ ግድብ በፊት ነው። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የጄኔሬተር መብራት በርቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከኩራዝና ከፋኖስ ገና አልተላቀቀም ነበር። ጄኔሬተር ያለ ነዳጅ አይሠራም፤ ነዳጁም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በ1930ዎቹ የተሠራው አባ ሳሙኤል ግን የሚሠራው ከከተማው ራስጌ በሚወርድ ውኃ ነው። ከእንጦጦ ተራሮች ተነሥተው አዲስ አበባን የሚያቋርጡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ እዚያ ይገናኛሉ፤ ግድቡ ያጠራቀመው ውኃም ቁልቁል እየወረደ ተርባይኖቹን ያዞራል።

ጠቅላላ ዐቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ኃይል ማመንጫ 43 ሜጋ ዋት ያህል ዐቅም ይዞ ሲመጣ አባ ሳሙኤል ትንሽ ሆኖ ታየ። በእኔ እምነት ግን የአንድ ጣቢያ ታሪካዊ ዋጋ በሜጋ ዋት አይለካም። ወንዝን ገድቦ ብርሃን ማውጣት እንደሚቻል በዚህ ምድር መጀመሪያ የታየው በእርሱ ነው።

ለአሠርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ኩባንያ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም ማሽን መተካትና ቅርስ መጠበቅ አንድ አይደሉም፤ ማሽኑም ቢሆን ወንዙ ካልተጠበቀ ዕድሜ አይኖረውም። የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤቶች ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ፣ ከተራቆተው ዳገት የሚታጠበው አፈር ሁሉ በሁለቱ አቃቂዎች ተጭኖ ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ደለል የውኃውን ቦታ ይይዛል፣ እምቦጭም በቆሻሻው እየፋፋ ይስፋፋል። ከዚያ አልፎ የሚወርደው ውኃ ደግሞ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማመንጫ የመጠበቅ ሥራ መጀመር ያለበት ከላይ፣ እኛ ከምንኖርባቸው ሰፈሮች፣ ቆሻሻ ከምንጥልባቸው ወንዞች ዳር ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በሰው የፈጠራ ችሎታና ጉልበት የተሠራ፣ ከፍተኛ ሳይንሳዊና ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ነገር ሁሉ ቅርስ ይለዋል። ከዚህ በላይ ለአባ ሳሙኤል የሚስማማ አነጋገር አላውቅም። አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችንና ቤተ መንግሥቶችን በቅርስነት ማየት ለምደናል፤ የግድብ ግንብ፣ የተርባይን ቤት፣ የድሮ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ግን ጊዜው ሲያልፍ ብረታ ብረት ብቻ ይመስለናል። አገልግሎት የጨረሰ ዕቃ ለቁራሌ ከመሸጡ በፊት ከየትኛው የሥራ ክፍል እንደ ወጣና ምን ይሠራ እንደ ነበር ተጽፎ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በክብር ቢቀመጥ፣ በአቃቂና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመነጭ በዐይናቸው አይተው ይማሩበት ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው የሰዎቹ ምስክርነት ነው። ንድፍና መዝገብ በሣጥን ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ በማመንጫው የሠሩ፣ ያኔ ውኃው ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን ግን ሁልጊዜ አይኖሩም። በቤታችሁ የመብራት ኃይል ጡረተኛ አባት ወይም አያት ካሉ፣ ወይም የድሮ ፎቶግራፍ ካለ፣ እባካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ከፎቶግራፉ ጀርባም ቦታውን፣ ዘመኑንና በምስሉ ያሉትን ሰዎች ጻፉበት።