ከሰዓቱ ጎን የተደረደሩ ምልክቶችንና ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ያጠራሁበት መንገድ

በዊንዶውስ ላይ ከሰዓቱ ጎን የሚታይን ምልክት መደበቅና ምልክቱ የሚወክለውን ፕሮግራም ማቆም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኮምፒውተሬ ከተነሣ በኋላ ብሮውዘር እስኪከፈት ድረስ ብዙ ያስጠብቀኝ ስለነበር፣ የእኔ ጉዳይ በዋናነት ሁለተኛው ነበር። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ የታስክባርን (ሰዓቱና ምልክቶቹ ያሉበትን የስክሪን ግርጌ አሞሌ) ገጽ ከፍቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ከእይታ ማስወገድ ይቻላል፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ሜሞሪውን እንደያዘ፣ ኢንተርኔቱንም እንደተጠቀመ ይቀጥላል። እንዲያውም የተደበቀ ምልክት የፕሮግራሙን መኖር ጭምር ስለሚያስረሳ፣ መደበቁን የመጨረሻ ሥራ አድርጌ አቆየሁት።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ በመሥራት ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች የሚዘረዘሩበት የስታርትአፕ ክፍል በውስጡ አለ። ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ፕሮግራሙ በአነሣሡ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ተብሎ ይቀመጣል። ከፍተኛ የሚባለው ሲነሣ ከ1 ሰከንድ በላይ የፕሮሰሰር ጊዜ የሚወስድ ወይም ከ3 ሜጋባይት በላይ ከዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ ነው። 3 ሜጋባይት ለዛሬ ኮምፒውተር እዚህ ግባ የሚባል መጠን ስላልሆነ፣ መለኪያውን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አልወሰድኩትም። የለየሁት በሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፕሮግራም እኔ ሳልከፍተው የሚሠራልኝ ነገር አለ ወይ? አንቲቫይረሱ፣ ፋይሎችን ከክላውድ ጋር የሚያመሳስለውና የድምፅ ድራይቨሩ አጋዥ ፕሮግራም በዚህ ሚዛን ቦታቸውን ሲያገኙ፣ የመልእክት መላላኪያው፣ የሙዚቃ ማጫወቻውና የጌም ማስጀመሪያው ግን ስፈልጋቸው ብከፍታቸው የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም።

ለማጥፋት ግን በቀጥታ ወደ ታስክ ማናጀር አልሄድኩም። በቅድሚያ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የራሱን ሴቲንግስ ከፍቼ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ የሚያዝዘውን ምርጫና የመዝጊያው ምልክት ሲጫን ከመዘጋት ይልቅ ሰዓቱ ጎን እንዲሸሸግ የሚያደርገውን ምርጫ አነሣሁ። ይህን ቅደም ተከተል የምመርጠው አንዳንድ ፕሮግራሞች ራሳቸውን ባዘመኑ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ እንደገና ስለሚመዘገቡ ነው፤ ምርጫው ከራሳቸው ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያከብሩታል።

ያስቸገረኝ የፕሪንተሩን የቀለም መጠን የሚከታተለው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ከስታርትአፕ ዝርዝር ባጠፋውም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ምልክቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። ምክንያቱ ፕሮግራሞች የሚነሡበት በር ከአንድ በላይ መሆኑ ነው፤ ከስታርትአፕ ፎልደርና ከሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ከሚመዘገቡበት ቋት) ሌላ በሰርቪስ (መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ በሚሠራ ፕሮግራም) መልክና በታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በተወሰነ ጊዜ ወይም ሁኔታ በሚያስነሣው የዊንዶውስ መሣሪያ) በኩልም ይነሣሉ፤ የታስክ ማናጀሩ የስታርትአፕ ዝርዝር ደግሞ ሰርቪሶችንና በስኬጁለር የተያዙትን ሥራዎች በአብዛኛው አያሳይም። ሁሉንም በሮች በአንድ መስኮት የሚያሳየው ኦቶራንስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ማርክ ሩሲኖቪችና ባልደረባው የጀመሩት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 የጠቀለለው ሲስኢንተርናልስ የተባለ የዊንዶውስ መሣሪያዎች ስብስብ አካል ሲሆን በነፃ ይገኛል። የማይክሮሶፍትን የራሱን መዝገቦች የሚደብቀውን ምርጫ ሳበራ ረጅሙ ዝርዝር አጠረ፤ የቀለም ተቆጣጣሪውም ማንም ተጠቃሚ ሲገባ እንዲነሣ በስኬጁለር ተይዞ ተገኘ። መዝገቡን አልሰረዝኩትም፤ ከፊቱ ያለውን የራይት ምልክት ብቻ አነሣሁ፤ ነገ ቢያስፈልግ በአንድ ክሊክ ይመለሳልና። ፕሪንተሩ ዛሬም ያለ እርሱ ያትማል።

በሰርቪሶች ላይ ይበልጥ ተቆጥቤአለሁ። የማይክሮሶፍት የሆኑትን አልነካሁም፤ ከሌሎቹም የማዘመኛ ሥራ የሚሠሩትን ሙሉ በሙሉ ከማገድ ይልቅ ማኑዋል ወደሚለው ቀየርኳቸው፤ በዚህ ሁኔታ ፕሮግራሙ ሲጠራቸው ብቻ ይነሣሉ። ለውጡን ለመፈተሽ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት እንደማይበቃም ልብ ይሏል። ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲጠፋ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ ያንኑ ያነሣል፤ ሁሉም ነገር ከባዶ የሚጀምረው ሪስታርት ሲደረግ ነው። በየዙሩም ጥቂት ፕሮግራሞችን ብቻ አጥፍቼ ሪስታርት አደርግ ስለነበር፣ አንድ ነገር ሥራ ሲያቆም ምክንያቱን ለማግኘት አልደከምኩም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምልክቱ ቀርቶ ማውዝ ሲያልፍበት የሚጠፋ ነገር ካጋጠመ፣ ከጀርባ የቀረ ፕሮግራም አለ ማለት አይደለም። ምልክቱን እንዲያነሣ ለዊንዶውስ የሚነግረው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሆነ፣ በድንገት የተቋረጠ ፕሮግራም ይህን ሳያደርግ ይቀራል፤ ዊንዶውስም ባለቤቱ እንደሌለ የሚያውቀው ማውዙ ምልክቱን ሲነካ ነው። በመጨረሻ መኖራቸውን የፈቀድኩላቸውን፣ ግን በየጊዜው ማየት የማያስፈልገኝን ምልክቶች ከምልክቶቹ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀስት ጀርባ ወዳለው ሳጥን ጎትቼ አስገባኋቸው፤ የክላውዱን ግን ማመሳሰሉ ሲቆም ወዲያው እንዳየው ከሰዓቱ ጎን ተውኩት።